ፖስት ፓንክ አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም፦ «የሞተ ሙዚቃ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እጅ በእጅ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔ እንኳን በአንድ ቀን ሦስት ሰዎች ልከውልኛል። መልእክቱ ባጭሩ ፖስት ፓንክ፣ ማለትም ፓንክ ሮክን ተከትሎ የመጣው ሙዚቃ፣ ከሞተ 40 ዓመት አልፎታል፣ አሁን የሚሸጠው ሬሳው ነው የሚል ነው። ጽሑፉ በደንብ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ሙዚቃውን እንደሚያውቁት ያስታውቃል። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚሁ ነው። ባያውቁት ኖሮ «ይሁን» ብዬ እተወው ነበር።

መጀመሪያ ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የድሮ አልበሞች በድጋሚ መታተማቸው ከሰው ናፍቆት ገንዘብ ከመልቀም ውጪ ፋይዳ የለውም ይላሉ። ሙዚቃው ራሱ የጥቂት እንግሊዛውያን ወንዶች ትካዜ ነበር፣ ጆይ ዲቪዥን የተባለውን የእንግሊዝ ባንድ የሰማ ሰው ሁሉንም ሰምቷል ይላሉ። ዛሬ በዚህ ስም የሚመጡት ባንዶች በቤዝ ጊታር ላይ እያወሩ የድሮውን የሚኮርጁ ናቸው። ከዚያ ዘመን የተረፉት ሙዚቀኞች ደግሞ አዲስ አልበም ባወጡ ቁጥር ስማቸውን ያሳንሳሉ። በመጨረሻም ሙሉ አልበም ቁጭ ብሎ መስማት ጊዜ ማባከን ነው፣ ከየባንዱ ሁለት ሁለት ዘፈን የያዘ ፕሌይሊስት ይበቃል ብለው ይደመድማሉ።

በየተራ እመልሳለሁ። የምስማማባቸው ነጥቦችም አሉ፤ እነሱንም አልደብቅም። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከስሙ እንነሳ። ፓንክ በ1976 እና በ1977 ሲፈነዳ ትልቁ ስጦታው ድፍረት ነበር። ጊታር በቅጡ ሳይማሩም መድረክ ላይ መውጣት እንደሚቻል አሳየ። ግን ብዙም ሳይቆይ እሱም ደንብ ሆነ። ፈጣን፣ ጯሂ፣ አጭር። ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ ክህደት ተባለ። ቀጥለው የመጡት ልጆች ድፍረቱን ያዙና ደንቡን ጣሉት። ቤዙን ከሬጌና ከደብ (የሬጌ ዘፈንን ፈታትቶ ቤዙንና ማሚቶውን ከሚያጎላው ስልት)፣ ምቱን ከፈንክና ከዲስኮ፣ ድግግሞሹን ከ70ዎቹ የጀርመን ባንዶች ወሰዱ። ጊታር የፊት ወንበሩን ለቀቀ፣ ቤዝ ዜማውን ተሸክሞ ወደፊት መጣ። ጋንግ ኦፍ ፎር የተባለው ባንድ ጊታር እንደ መጋዝ ይቆራርጣል። ያንግ ማርብል ጃይንትስ ደግሞ ጎረቤት እንዳይነቃ የሚጠነቀቁ ያህል በለሆሳስ ነው የሚጫወቱት። ሁለቱም ፖስት ፓንክ ናቸው። ድምፃቸው በምንም አይገናኝም። የሚያገናኛቸው ዘፈንን ፈታትተው «ይሄ ነገር ለምን እዚህ ቦታ ተቀመጠ?» ብለው መጠየቃቸው ነው።

የጸሐፊው ስሕተት ከዚህ የሚጀምር ይመስለኛል። ፖስት ፓንክን በአንድ ድምፅ ለኩት። ጨለም ያለ ቤዝ፣ የተከፋ ወንድ፣ ግራጫ ሽፋን። መለኪያው ይሄ ከሆነ በእርግጥም ሁሉም ያልቅበታል። ዳግም እትሙም ድግግሞሽ ይመስላል፣ አዲሱም ቅጂ ይመስላል።

ወደ ዳግም እትሞቹ ልግባ። እዚህ ላይ ያነሱት አንድ ነገር ልክ ነው። በ2019 የጆይ ዲቪዥን «አንኖውን ፕሌዠርስ» 40ኛ ዓመቱን ሲይዝ በቀይ ሸክላና በነጭ ሽፋን ወጣ። አዲስ ዘፈን የለበትም። አልበሙ ቀድሞ የነበረው ሰው የገዛው ቀለም ነው። አንድን አልበም በተለያየ ቀለም አትሞ ለአንድ ሰው ደጋግሞ መሸጥ የተለመደ ሆኗል፣ ይሄ እኔንም ያናድደኛል። በ90ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ ከወጡት ሪማስተሮችም (የድሮው ቅጂ ድምፁ እንደገና ተስተካክሎ የወጣባቸው እትሞች) ብዙዎቹ ድምፃቸው ከልክ በላይ ከፍ ተደርጎ፣ በዝግታውና በጩኸቱ መካከል የነበረው ርቀት ጠፍቶባቸዋል። ማርቲን ሃኔት «አንኖውን ፕሌዠርስ»ን ፕሮዲውስ ሲያደርግ በመሣሪያዎቹ መካከል ሆን ብሎ ባዶ ቦታ ትቷል። ያንን ባዶ ቦታ በጩኸት የሚሞላ ሪማስተር አልበሙን አያድስም፣ ያበላሸዋል። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን።

ከዚህ ተነስተው «መስማት የፈለገ ቀድሞውኑ ሰምቶታል» ሲሉ ግን ክርክሩ ውሃ አያነሳም። ማን ነው የሰማው?

ናሽናል ዌክን እንውሰድ። ይህ ባንድ በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ የተመሠረተ ነው። ጥቁሮችና ነጮች አብረው ይጫወቱበት ነበር፣ አብረውም ይኖሩ ነበር። በዚያ አገር በዚያን ጊዜ ይሄ ብቻውን ሕግ መጣስ ነው። ፓንክን፣ ሬጌንና ፈንክን ቀላቅለው በ1981 አንድ አልበም አወጡ። አልበሙ ጥቂት ከተሸጠ በኋላ ከገበያ ወጣ፣ ባንዱም ተበተነ። ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት ያህል ከጥቂት ሰብሳቢዎች በቀር የሚያውቃቸው አልነበረም። በ2013 ላይት ኢን ዘ አቲክ የተባለው አሳታሚ ከ1979 እስከ 1981 የቀረጹትን ሰብስቦ አወጣው። ጸሐፊው «ናፍቆት» የሚሉት የትኛውን ነው? ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ነገር እንዴት ይናፍቃል? ያን አልበም ዛሬ የምትሰሙ ሰዎች ድሮ እንዲሰማ ያልተፈለገ ነገር እየሰማችሁ ነው። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼ ማቆም አልቻልኩም። ቤዙና ድራሙ ተያይዘው ሲሄዱ ደስታ አለው፣ ድምፁ ውስጥ ደግሞ በር ይንኳኳ ይሆን የሚል ጭንቀት አለ። ሁለቱ በአንድ ዘፈን ውስጥ አብረው ይኖራሉ።

ፓይሎንም ሌላ ምሳሌ ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ አቴንስ በምትባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ያቋቋሙት ባንድ ነው። «ጃይሬት» በ1980፣ «ቾምፕ» በ1983 ወጡ። የዚያው ከተማ ልጆች የሆኑት አር.ኢ.ኤም. ከዘፈኖቻቸው አንዱን እንደገና ተጫውተውታል። እነሱ ዓለም ሲያውቃቸው የፓይሎን ሸክላዎች ለረጅም ጊዜ ከገበያ ጠፍተው ቆዩ። በ2020 «ፓይሎን ቦክስ» ሲወጣ ሁለቱ አልበሞች፣ ከዚያ በፊት ያልታተሙ ቅጂዎችና ወፍራም መጽሐፍ በአንድ ሳጥን መጡ። ከመጀመሪያው አልበም በፊት በልምምድ የቀረጹት ቴፕ ሳይቀር አለበት። ድምፃዊቷ ቫኔሳ ብሪስኮ ሄይ ስትጮህ፣ ስታጉረመርም፣ ድንገት ለስለስ ስትል መስማት ይቻላል። ከሁሉም በላይ የዳንስ ሙዚቃ ነው። ጸሐፊው ያሉት ትካዜ የት እንዳለ ፈልጌ አጣሁት።

ዳግም እትም አዲስ ሥራ እንደሚወልድም ልብ በሉ። ሬይንኮትስ የተባለው የለንደን የሴቶች ባንድ ታሪክ ይታወቃል። የመጀመሪያ አልበማቸው በ1979 በራፍ ትሬድ በኩል ወጣ። በ90ዎቹ መጀመሪያ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን ይህን አልበም ፍለጋ እንደዞረ ጻፈ፣ አልበሞቻቸው በድጋሚ ሲታተሙም ማስታወሻ ጻፈላቸው። በዚህ የተነሳ ሴቶቹ እንደገና ተሰባሰቡ፣ በ1996ም አዲስ አልበም አወጡ። እንግዲህ «ሬሳ መሸጥ» የተባለው ነገር ሕይወት ያለው ባንድ መልሶ አምጥቷል።

ደስ የሚለኝ ሌላ ነገር ደግሞ «ዋይ ኢን ደብ» ነው። ፖፕ ግሩፕ የሚባሉት የብሪስቶል ልጆች በ1979 «ዋይ» የተባለ አልበም አወጡ። ፕሮዲውሰሩ ደኒስ ቦቬል ነበር፣ የሬጌና የደብ ሰው። አልበሙ የነጻ ጃዝ፣ የፈንክና የጩኸት ውጊያ ነው፤ መጀመሪያ ስትሰሙት ሦስት ባንዶች በአንድ ክፍል የሚጣሉ ይመስላል። በ2019 ሚዩት አሳታሚ አልበሙን በድጋሚ አወጣው። በ2021 ደግሞ ቦቬል ራሱ ከ40 ዓመት በኋላ ወደዚያው ሥራ ተመልሶ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደብ አደረገው። ጩኸቱን ቀንሶ ቤዙን አጎላው፣ በድሮው ቅጂ ተጨናንቀው የነበሩት ድምፆች አየር አገኙ። ሁለቱን አከታትሎ መስማት አንድን ቤት ቀንና ሌሊት እንደማየት ነው። ድምፃዊው ማርክ ስቱዋርት በ2023 አረፈ። ይህ ሥራ በሕይወት እያለ መውጣቱ ደስ ይለኛል።

ዲስ ሂት የተባለው ባንድ አልበም «ዲሲት» (1981) በ2016 በድጋሚ ታትሟል፣ እሱንም ፈልጉት። የኑክሌር ጦርነት ፍርሃት ያረገዘ አልበም ነው። ከባድ ነው፣ ግን ዋጋ አለው።

ሁለተኛው ነጥብ «የጥቂት እንግሊዛውያን ወንዶች ትካዜ» የሚለው ነው። ከዚህ በላይ የሄድንባቸውን ስሞች መልሳችሁ እዩ። ግማሹ መልስ እዚያ አለ። ቢሆንም ነጥቡ በጣም ስለተለመደ ሙሉ መልስ ይገባዋል።

አዎ፣ ጆይ ዲቪዥን ትልቅ ባንድ ነው። ድምፃዊው ኢያን ከርቲስ በግንቦት 1980 ራሱን ማጥፋቱና ሁለተኛው አልበም «ክሎዘር» ከሁለት ወር በኋላ መውጣቱ ሙዚቃውን በኀዘን ዓይን እንድናየው አድርጎናል። ይሄ የሚገባ ስሜት ነው። ግን «አንኖውን ፕሌዠርስ» በወጣበት በዚያው በ1979 ስሊትስ የተባለው ባንድ «ከት»ን አወጡ። ሦስት ሴቶች፣ ድራም ላይ አንድ ወንድ። ፕሮዲውሰሩ አሁንም ደኒስ ቦቬል፤ የተወለደው በባርቤዶስ ነው። አልበሙ ይስቃል፣ ይቀልዳል፣ ይዘላል። ሴት ልጅ ምን መምሰል አለባት የሚለውን ሁሉ እያነሳ ያፈርጠዋል። ድምፃዊቷ አሪ አፕ እንግሊዝኛን እንደ መጫወቻ ትወረውረዋለች። ይህን አልበም ሰምቶ «ትካዜ» የሚል ሰው ካለ እንደገና እንዲሰማው እለምነዋለሁ።

ከባሕር ማዶም ኢ.ኤስ.ጂ. አሉ። በኒው ዮርክ ደቡብ ብሮንክስ ያደጉት የስክሮጊንስ እህትማማቾች። እናታቸው ከመንገድ ችግር እንዲርቁ ብላ መሣሪያ ገዛችላቸው። ቤዝ፣ ድራም፣ ኮንጋ፣ ድምፅ፤ ከዚያ በላይ ብዙ ነገር የለም። በ1981 የመጀመሪያ ሥራቸውን ያወጣላቸው የጆይ ዲቪዥን አሳታሚ የነበረው ፋክተሪ ነው፣ ፕሮዲውሰሩም ያው ሃኔት። አንድ ሰው፣ አንድ አሳታሚ፤ ከአንዱ ወገን «አንኖውን ፕሌዠርስ»፣ ከሌላው ወገን የብሮንክስ ዳንስ! ከዚያ የሂፕ ሆፕ ሰዎች ድምፃቸውን እየቆረጡ (ሳምፕል ይሉታል) በብዙ ዘፈኖች ተጠቀሙበት። ገንዘቡ ግን ለእነሱ በአግባቡ አልደረሳቸውም። በ1992 ያወጡትን ሥራ ርእስ ስታዩ ስሜታቸው ይገባችኋል፤ «ሳምፕል ላይ ስማችን መጠቀሱ ዕዳችንን አይከፍልልንም» ማለት ነው። ጸሐፊው ስለ ገንዘብ ሲያነሱ ይህን ጥያቄ ቢያነሱ ኖሮ ከጎናቸው እቆም ነበር። ዳግም እትም ሲወጣ ገንዘቡ ለማን ይደርሳል? ለሙዚቀኞቹ ነው ወይስ መብቱን ለያዘው ድርጅት? ይሄ ከ«ናፍቆት» የበለጠ ሊያናድደን የሚገባ ነገር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እንሂድ። «አዲሶቹ ኮራጆች ናቸው።»

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። ከ2018 ገደማ ጀምሮ በተለይ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ብዙ ባንዶች በአንድ ጊዜ መጡ፣ ብዙዎቹም የተቆጣ ወንድ በቤዝ ላይ ሲናገር ነው የምትሰሙት። እኔም ደክሞኝ ያውቃል። አንዱን ከአንዱ መለየት ያቃተኝ ጊዜ አለ። ግን በማንኛውም ዘመን አንድ ነገር ሲሰምር ተከታይ ይበዛል። በ1980ም ጆይ ዲቪዥንን ለመምሰል የሚታገሉ ባንዶች ሞልተው ነበር። እነሱን ረስተናቸዋል። የዛሬዎቹን ግን ገና ስላልረሳናቸው ዘመኑ የባሰ ይመስለናል። ንጽጽሩ የድሮውን ምርጥ ከዛሬው ተራ ጋር ነው፤ ይሄ ፍርድ አይደለም።

ምርጡን ከምርጥ እናነጻጽር። ጸሐፊው ራሳቸው በስም የጠቀሱት ድራይ ክሊኒንግን ነው፣ «የፎል ግልባጭ» ብለው። ፎል የተባለው የድሮ የእንግሊዝ ባንድ መሪ ማርክ ኢ. ስሚዝ ተናጋሪ ድምፃዊ ነበር፣ እውነት ነው። ግን ስሚዝ ይሳደባል፣ ያዛል፣ ይረግማል። የድራይ ክሊኒንጓ ፍሎረንስ ሾው ግን «ኒው ሎንግ ሌግ» (2021) ላይ ከራሷ ጋር የምታወራ ትመስላለች። ከማስታወቂያ፣ ከሰው ንግግር፣ ኢንተርኔት ላይ ሰዎች ከጻፉት አስተያየት የለቀመቻቸውን ሐረጎች ሳትጮህ ታስቀምጣቸዋለች። አንዱ ስለ ምግብ፣ ቀጣዩ ስለ ብቸኝነት። መሃላቸው ምንም ድልድይ የለም። ስልክ ይዘን የምንውል ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ያለው ነገር ልክ እንደዚህ ነው። ስሚዝ ያኔ በ1979 ይህን ሊጽፍ አይችልም ነበር፣ ይህ ዓይነቱ ሕይወት ገና አልነበረማ። ከጀርባዋ ጊታሩ ይቃጠላል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም። አልበሙ የቆመው በዚያ ርቀት ላይ ነው።

ስፔሻል ኢንተረስት የተባሉት ደግሞ የማን ግልባጭ ናቸው? የኒው ኦርሊንስ ባንድ ናቸው። «ኢንዱር» (2022) ላይ ፓንኩ ሐውስ ከሚባለው የዳንስ ሙዚቃና ከዲስኮ ጋር ተጋብቷል። የባንዱ ድምፃዊ አሊ ሎጋውት እንደ ሰባኪም እንደ ዳንስ ቤት ንጉሥም ይዘፍናሉ። አልጂርስስ? መነሻቸው አትላንታ ነው። የ2015 የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ የጥቁር ቤተ ክርስቲያን ጎስፔል ከኢንዱስትሪያል ድምፅ ጋር ይጋጫል፣ ጭብጨባው እንኳን የሰንሰለት ድምፅ ይመስላል። ይሄን በ1979 ማንም አልሠራውም። የለንደኖቹ ቢግ ጆኒ ደግሞ «ሲስታዝ» (2018) እና «ባክ ሆም» (2022) ላይ የጥቁር ሴቶችን ሕይወት ቀለል ባለ ድራምና በሚያጉረመርም ጊታር ያወሩታል። ሬይንኮትስን የሰማ ሰው ዝምድናው ይሰማዋል። ዝምድና ግን ኩረጃ አይደለም። ልጅ አያቱን ቢመስል ማን ይወቅሰዋል?

ፕሮቶማርተርን ሳልጠቅስ ካለፍኩ ይቆጨኛል። የዲትሮይት ሰዎች ናቸው። «ፎርማል ግሮውዝ ኢን ዘ ደዘርት» (2023) የመጣው ድምፃዊው ጆ ኬሲ እናቱን ካጣ በኋላ ነው። ባንዱ ከዚህ በፊት በቁጣ ይታወቅ ነበር። እዚህ አልበም ላይ ግን ፔዳል ስቲል የተባለው የገጠር ጊታር ይገባል፣ ድምፁም ሰፋ ይላል። ኬሲ እንደ ዘፋኝ የሚያምር ድምፅ የለውም። ይናገራል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴ ይሰበራል። ኀዘን ላይ ያለ ሰው ጥሩ አድርጎ እንዲዘፍን ማን ይጠብቃል? ከአዲሶቹ አንድ ብቻ ስሙ ብባል ይህን እመርጥ ነበር።

በእንግሊዝኛ ያልሆነውን ጸሐፊው ጨርሶ አላነሱትም። ከቤላሩስ ሚንስክ የመጡት ሞልቻት ዶማ በሩሲያኛ ነው የሚዘፍኑት። «ኤታዢ» በ2018 ወጣ፣ በ2020 ደግሞ ሴክረድ ቦንስ በተባለው አሳታሚ እንደገና ታተመ። ከዚያ ቋንቋውን የማያውቁ በጣም ብዙ ወጣቶች በአጫጭር ቪዲዮዎች አማካኝነት ወደዱት። ድምፁ በ80ዎቹ ሲንተሳይዘር የተሠራ ነው፣ ስለዚህ እንዲያውም ለጸሐፊው ክርክር የሚመች ባንድ ነው። አምናለሁ፣ ከጠቀስኳቸው ሁሉ ወደ ድሮው በጣም የሚቀርቡት እነሱ ናቸው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ቃሉ ሳይገባው ያ የቀዘቀዘ ድምፅ የራሱን ክፍል ካስታወሰው ሙዚቃው ለእሱ ሞቷል ማለት እንችላለን?

አራተኛው፣ አንጋፋዎቹ ዝም ይበሉ የሚለው። እዚህ ብዙ አልቆይም። ዘ ኪዩር የተባለው ባንድ አዲስ አልበም ሳያወጡ 16 ዓመት ከቆዩ በኋላ በኅዳር 2024 «ሶንግስ ኦፍ አ ሎስት ወርልድ»ን አወጡ። ስምንት ዘፈን ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ድምፃዊው ሮበርት ስሚዝ አፉን የሚከፍተው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። ወላጆቹንና ወንድሙን የቀበረ የ65 ዓመት ሰው አልበም ነው። በ22 ዓመቱ ስለ ሞት ሲዘፍን የሚገምተው ነገር ነበር፣ አሁን ያየው ነገር ሆኗል። ይህን ወጣት ሊሠራው አይችልም። የሬይንኮትሷ ጂና በርች ደግሞ የመጀመሪያ የግል አልበሟን በ2023 ስታወጣ ዕድሜዋ 60ዎቹን እያገባደደ ነበር። ርእሱ «ቤዜን ጮክ አድርጌ እጫወታለሁ» ማለት ነው፣ እንዳለችውም ታደርጋለች። አንዳንድ አንጋፋ ባንዶች ያለ ፍላጎት የሠሯቸው አልበሞች መኖራቸውን አልክድም። ደካማ አልበም ግን በ20 ዓመትም ይሠራል።

የመጨረሻው የፕሌይሊስቱ ነገር ነው። በእውነት ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም የሚጎዳው ሙዚቃውን ገና ሊሰማ የተዘጋጀውን ሰው ነው። ለመግቢያ ያህል ፕሌይሊስት ጥሩ ነው። ሁላችንም በአንድ ዘፈን ነው የገባነው። እዚያው እንቅር ማለት ግን ሌላ ነው።

ፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ የተባለው ባንድ በ1979 «ሜታል ቦክስ»ን ሲያወጡ ሦስት ትልልቅ ሸክላ በክብ የብረት ቆርቆሮ ውስጥ አድርገው ነው። ሸክላዎቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚሽከረከሩ ናቸው፣ በተለመደው 33 አይደለም። ምክንያት አለው። ጥልቅ ቤዝ ሸክላው ላይ ሰፊ ቦይ ይፈልጋል። ዘፈኖቹን በብዙ ገጽ በተናቸውና ቦዩን አሰፉት፣ የባንዱ ቤዝ ተጫዋች የጃህ ወብል ቤዝ ደረት ውስጥ ገብቶ እንዲመታ። ባንዱ አልበሙን ያሰበው እንደ ዕቃ፣ እንደ ክብደት፣ በየአሥር ደቂቃው ተነስቶ እንደሚገለበጥ ነገር ነው። የመጀመሪያው ዘፈን ብቻ ከ10 ደቂቃ በላይ ነው። በፕሌይሊስት መሃል ቢገባ ሰው ያልፈዋል። በቦታው ሲሰማ ግን ቀስ እያለ ይወርሳችኋል። ሸክላ ግዙ እያልኩ አይደለም። በስልክም ቢሆን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በቅደም ተከተሉ ስሙት ነው የምለው።

ዋየር የተባለው ባንድ አልበም «ፒንክ ፍላግ» (1977) ደግሞ በተቃራኒው 21 ዘፈን በ35 ደቂቃ ገደማ ያልቃል። አንዳንዱ ዘፈን አንድ ደቂቃ አይሞላም። ሐሳቡ አለቀ፣ ዘፈኑም አለቀ። ሁለቱን ቆርጣችሁ ብታወጡ «ይሄ ያልተጠናቀቀ ነገር ምንድን ነው?» ትላላችሁ። 21ዱ ተደርድረው ሲመጡ ግን ነገሩ ይገባችኋል። የጋንግ ኦፍ ፎር «ኢንተርቴይንመንት!» (1979) ላይም ፍቅር፣ ገበያና የቴሌቪዥን ዜና በየተራ እየመጡ አንዱ ሌላውን ያጋልጣል። ከመሃል አንዱን ብትነጥሉት ጥሩ የዳንስ ዘፈን ይሆናል፣ ክርክሩ ግን ይጠፋል። ጊታሪስታቸው አንዲ ጊል በ2020 ካረፈ በኋላ በ2021 የወጣው ከ1977 እስከ 1981 ያለውን ሥራቸውን የያዘው ሳጥን ይህን በደንብ ያሳያል፤ ከአልበሞቹ ጋር ነጠላ ዘፈኖቹ፣ የመድረክ ቅጂና የሙከራ ቅጂዎች የያዘ ካሴት አብረው ስላሉ ሐሳቡ እንዴት እየተሳለ እንደመጣ ደረጃ በደረጃ ትከተሉታላችሁ።

እና ያንግ ማርብል ጃይንትስ። ከካርዲፍ፣ ዌልስ። አንድ የስቱዲዮ አልበም ብቻ ነው ያላቸው፣ «ኮሎሳል ዩዝ»፣ 1980። በ2020 ለ40ኛ ዓመቱ ዶሚኖ እንደገና አሳትሞታል። ድራመር የላቸውም፣ አንዲት ትንሽ የምት ማሽን ከኋላ ትቆጥራለች። ቤዝ፣ ጊታር፣ ኦርጋን፣ የአሊሰን ስታተን ያልተጋነነ ድምፅ። 15 አጫጭር ዘፈኖች። ከጸሐፊው ጋር አንድ ላይ ተቀምጠን አንድ አልበም እንስማ ብንባል ይህን ነበር የማመጣው። የመጨረሻው ዘፈን ቃል የለውም። ፕሌይሊስት ውስጥ ብታስገቡት ማንም ልብ አይለውም። ከሌሎቹ 14 በኋላ፣ በቦታው፣ ጸጥ ባለ ክፍል ስትሰሙት ግን ስታተን ተነስታ ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ የዘጋችው ይመስላችኋል።